ያየነውን መመስከር፦ ጥርጣሬና የመብት ትግል በእስልምና አስተሳሰብ

(በመካነ ሰላም ለተማሪዎችና ለመምህራን ከቀረበ ገለጻ፣ ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ)



የዛሬውን ርእስ የመረጥኩት እኔ አይደለሁም። ባለፈው ሴሚስተር ከክፍል ስወጣ አንድ ተማሪ ተከትሎኝ መጣና፣ «መምህር፣ አንድ ነገር በደል መሆኑን መቶ በመቶ ሳላረጋግጥ ብቃወም ወንጀል ይሆንብኛል? እስካረጋግጥ ዝም ብዬ ብቆይስ፣ እሱም ወንጀል አይሆንብኝም?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም ዑለማው በዚህ ጉዳይ የተለያየ አስተያየት እንዳላቸው፣ ነገሩም ሰፊ ጥናት እንደሚፈልግ ነግሬው ወደ ቢሮዬ ገባሁ። ልጁ አመስግኖኝ ሄደ። ከተቀመጥኩ በኋላ ግን ምንም እንዳልመለስኩለት ገባኝ። ይባስ ብሎ ያንኑ መልስ ከብዙ ዓመት በፊት ለሌላ ሰው ሰጥቼ እንደ ነበር ትዝ አለኝ። ወደዚያ ሰው በኋላ እመለሳለሁ።

በቅድሚያ ቃሉን ላጥራ። እዚህ ጥርጣሬ የምለው በፈጣሪ መኖር ላይ የሚነሣውን አይደለም። ለመብት የቆመን ሰው የሚፈትነው ሌላ ነው፦ የሰማሁት እውነት ነው? የበደለው እገሌ መሆኑን በምን አወቅሁ? ብነሣ ነገሩን አሻሽላለሁ ወይስ አብሰዋለሁ? የምነሣውስ ለአላህ ብዬ ነው ወይስ ለስሜ? እነዚህ ሁሉ ጥርጣሬዎች ናቸው፤ ክብደታቸው ግን አንድ አይደለም። አንድ አድርጎ የመዘናቸው ሰው ወይ በሁሉም ይደፍራል፣ ወይ ከሁሉም ይቀራል።

የኡሱል ሊቃውንት የሰውን ዕውቀት በደረጃ ይከፍሉታል። የቂን ጥርጥር የሌለበት እርግጠኝነት ነው። ዘን ወደ አንዱ ወገን ያመዘነ ግምት ነው። ሸክ ሁለቱ ወገኖች እኩል የሆኑበት ማመንታት ሲሆን፣ ወህም ደግሞ የደከመው፣ ሚዛኑ የወደቀው ሐሳብ ነው። ተማሪዎቼን ብዙ ጊዜ የሚያስገርማቸው፣ አብዛኛው የፊቅህ ዝርዝር ሕግ የቆመው በየቂን ላይ ሳይሆን በዘን ላይ መሆኑ ነው። የደንቆሮን ደን የሚያውቅ ሰው ጭጋግ ሲወርድ እጅን እንኳ ማየት እንደሚያስቸግር ያውቃል። በዚያ ጭጋግ ውስጥ የሶላት ወቅት የደረሰበት መንገደኛ ቂብላው ወዴት እንደሆነ ባያውቅ፣ ጭጋጉ እስኪገፈፍ ሶላቱን ይተው አይባልም። ነፋሱን፣ የመሬቱን ዘቅዛቃነት፣ የመጣበትን አቅጣጫ መርምሮ ወዳመዘነለት ይሰግዳል። በኋላ ተሳስቶ ቢገኝ እንኳ በብዙዎቹ የፊቅህ ሊቃውንት ዘንድ ሶላቱ አይበላሽበትም። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስም፣ አቅሙን አሟጦ መርምሮ የፈረደ ዳኛ ልክ ከሆነ ሁለት ምንዳ፣ ቢሳሳት ደግሞ አንድ ምንዳ እንዳለው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረዋል። ምንዳው ለልፋቱ ነው፤ ያለ ልፋት የተሳሳተ ሰው በዚህ ሐዲስ ሊጠለል አይችልም።

ይሁንና በግምት መስገድን የፈቀደው ሕግ፣ በግምት መቅጣትን ከልክሏል። የሑዱድ ቅጣት ሹብሃ፣ ማለትም የጥርጣሬ ቀዳዳ በተገኘ ጊዜ እንዲቀር ዑለማው ተስማምተውበታል። ወጣቱ ሶሐባ ኡሳማ ኢብኑ ዘይድ በዘመቻ ላይ አንድ ሰው የእምነት ቃሉን ከተናገረ በኋላ ገደለው፤ ሰውየው ቃሉን የተናገረው ሰይፉን ፈርቶ ነው ብሎ ገምቶ ነበር። ነቢዩ ይህን ሲሰሙ እጅግ አዘኑ፤ የሰውየውን ልብ ከፍቶ አይቶ እንደሆነ ደጋግመው ጠየቁት። የኡሳማ ግምት ልክ ሊሆን ይችል ነበር። ጥያቄው ግን ግምቱ ልክ መሆን አለመሆኑ አልነበረም፤ በዚያ ዓይነት ግምት ደም ማፍሰስ ይፈቀዳል ወይ የሚል ነው። ኡሳማ ይህን ትምህርት አልረሳም። ከዓመታት በኋላ ሙስሊሞች እርስ በርስ ሲዋጉ ሰይፉን አላነሣም።

እንግዲህ ለተማሪዬ ያኔ ልሰጠው ይገባኝ የነበረው መልስ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ምን ያህል እርግጠኛ መሆን እንዳለብህ የሚወስነው፣ የምታደርገው ነገር በሌላው ሰው ላይ የሚያስከትለው ነው። የተራበን ለማብላት፣ የታሰረን ለመጠየቅ፣ ያየኸውን ለመመስከር ያመዘነ ግምት ይበቃሃል፤ ተሳስተህ ብታበላ የጠፋው እንጀራ ነው። ሰውን በስሙ ለመክሰስ፣ ከሥራው ለማስነሣት፣ ሕዝብን በሕዝብ ላይ ለማነሣሣት ግን ግምት አይበቃም። ጥርጣሬ በእስልምና የተከበረ ቦታ አለው፤ ቦታው ግን ጎጂውን እጅ መያዝ እንጂ ረጂውን እጅ ማሰር አይደለም። እኛ የተማርን ሰዎች ብዙ ጊዜ የምናደርገው ግልባጩን ነው። አንድን ወገን በሙሉ በሐሜት ለመኮነን ማስረጃ አንጠይቅም፤ የአንድን እስረኛ ቤተሰብ ለመርዳት ግን ፋይሉን ካላየን እንላለን።

ኢማም አል-ገዛሊ፣ በራሱ የጥርጣሬ ፈተና የሚታወቀው ሊቅ፣ ኢሕያኡ ዑሉሚዲን በተሰኘው ሥራው በመልካም ማዘዝንና ከመጥፎ መከልከልን ሲያብራራ፣ የሚከለከለው ነገር አራት መስፈርቶችን እንዲያሟላ ይጠይቃል፦ በእርግጥ መጥፎ መሆን፣ አሁን እየተፈጸመ መሆን፣ ሳይሰልሉ የሚታይ መሆን፣ መጥፎነቱም ሊቃውንት የሚከራከሩበት አለመሆን። ለዘመናችን እጅግ የሚያስፈልገን ሦስተኛው ይመስለኛል። የሰውን ጓዳ በርብሮ፣ የግል መልእክቱን በስክሪን ሾት አሰራጭቶ «አጋለጥኩ» የሚል ተሟጋች በገዛሊ ሚዛን ገና ከበሩ ይመለሳል።

ዝምታንም ቢሆን በጅምላ አልኮንንም። በሲፊን ጦርነት ወቅት ሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስን የመሰሉ ታላላቅ ሶሐቦች ከሁለቱም ወገን ተገልለዋል፤ ዐብዱላህ ኢብኑ ዑመርም እንዲሁ። ኢብኑ ዑመር በኋላ በመቅረቱ እንደ ተጸጸተ የሚናገሩ ዘገባዎች አሉ። መገለሉ ትክክል ነበር ቢባል እንኳ፣ የተገለለው ከመግደል እንጂ ከመናገር አልነበረም።

አሁን ወደ ሀገራችን ልምጣ። ዘመኖቹን በእኛ አቆጣጠር እጠራለሁ። በ2004 በአዲስ አበባ አወሊያ ትምህርት ቤት መምህራን መባረራቸውን ተከትሎ የተቀሰቀሰው፣ በኋላ «ድምፃችን ይሰማ» ተብሎ የታወቀው እንቅስቃሴ፣ በዚህ አዳራሽ ለተቀመጣችሁ ወጣቶች የልጅነት ወሬ ነው። ለእኔ ትውልድ ግን የዕለት ተዕለት ፈተና ነበር። ዐሥራ ሰባት አባላት ያሉት የመፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴ ተመረጠ። ጥያቄዎቹ ሦስት ነበሩ፦ የአሕባሽ አስተምህሮ በመንግሥት ድጋፍ በግዴታ መጫኑ ይቁም፤ የመጅሊስ መሪዎች በመስጊድ በሕዝቡ ይመረጡ፤ አወሊያ ሙስሊሙ በመረጠው ቦርድ ይተዳደር። እነዚህን ጥያቄዎች ከዛሬው ርእስ አንጻር ስመለከት የማደንቀው ልካቸውን ነው። ኮሚቴው ከመንግሥት ጀርባ ማን እንዳለ፣ የባለሥልጣናቱ ልብ ምን እንዳሰበ የሚሉትን ግምቶች የጥያቄው መሠረት አላደረጋቸውም። መምህራኑ መባረራቸው፣ መጅሊሱ በሕዝብ አለመመረጡ ማንም የሚያየው ነገር ነበር። የተቃውሞው መንገድም እንዲሁ ልክ ነበረው፤ ከጁሙዓ ሶላት በኋላ አፍን መሸፈን፣ ሁለት እጅን እንደ ታሰረ ሰው አጣምሮ ማንሣት፣ ነጭ ወረቀት ማውለብለብ። ተሳስቶ ቢገኝ እንኳ ማንንም የማያቆስል ተቃውሞ ነበር።

የተሰጠው ምላሽ በተቃራኒው በግምት ላይ የቆመ ነበር ብዬ አምናለሁ። መሪዎቹ በሐምሌ 2004 ታሰሩ። ጉዳያቸው በፍርድ ቤት እየታየ ሳለ፣ ጥር 28 ቀን 2005 «ጂሃዳዊ ሐረካት» የተሰኘው ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ተላለፈ። ዐሥራ ስምንት ሰዎች በፀረ ሽብር ሕጉ ጥፋተኛ ተብለው፣ ሐምሌ 27 ቀን 2007 ከሰባት እስከ ሃያ ሁለት ዓመት እስራት ተፈረደባቸው፤ እስከ 2010 ባሉት ዓመታትም ተፈቱ። ፍርድ ያላገኘን ሰው በመላው ሀገር ፊት አሸባሪ ብሎ ማሳየት፣ የኡሳማን ስሕተት በመንግሥት መሣሪያ መድገም ነው።

ነገር ግን ሚዛኑ ለአንድ ወገን ብቻ አይደለም። ጥቅምት 11 ቀን 2005 እዚሁ ደቡብ ወሎ ገርባ ላይ በተፈጠረው ግጭት ሲቪሎችና አንድ የፖሊስ አባል ሞቱ። ሰኔ 27 ቀን 2005 ደግሞ ሼህ ኑሩ ይማም ደሴ ውስጥ በጥይት ተገደሉ። መንግሥት ግድያውን በጽንፈኞች ላይ አደረገ፤ እንቅስቃሴው ድርጊቱን አውግዞ እጁ እንደሌለበት ተናገረ። ያን ሰሞን በሻይ ቤቶች የሰማሁትን አልረሳውም። ሟቹ ከመንግሥት ጋር ቆመው ነበር የሚለው ንግግር ለሐዘኑ እንደ ማስታገሻ ይነገር ነበር። ከዚያ በፊትም በየመስጊዱ እገሌ «አሕባሽ ነው»፣ እገሌ «ካድሬ ነው» እየተባለ ስንት ሽማግሌ ሰላምታ እንደ ተነፈገ ከእኔ ዕድሜ ያላችሁ ታውቃላችሁ። በበደል መጠቃታችን የቂን ነበር። የእነዚያ ሽማግሌዎች ልብ ግን ለእኛ ዝግ ነበር፤ እኛ ደግሞ የቂናችንን አንሥተን በግምታችን ላይ ለጠፍነው።

ይህ መለጠፍ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ከዚያ ወዲህ አይተናል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ከአባይ ማዶ፣ በምሥራቅ ጎጃም ሞጣ፣ መስጊዶችና የሙስሊም ነጋዴዎች ሱቆች ተቃጠሉ። ጥቃቱ ቀደም ብሎ በቤተ ክርስቲያን ተነሣ ስለ ተባለ እሳት ከተሰማ ወሬ ጋር የተያያዘ እንደ ነበር በጊዜው ተዘግቧል። ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ጎንደር ላይ በቀብር ሥነ ሥርዓት የተሰበሰቡ ሙስሊሞች ተገደሉ፤ ከሁለት ቀን በኋላ በስልጤ ዞን አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። ጎንደር ላይ ሰው መገደሉ እርግጥ ነው። የስልጤ ዞኑ ክርስቲያን ጎረቤት ግን ከዚያ ግድያ ጋር የሚያገናኘው አንዳች ማስረጃ አልነበረም፤ ግምት እንኳ የሚባል አልነበረም፤ ወህም ነው። በሱረቱል ሑጁራት አመፀኛ ሰው ወሬ ይዞ ሲመጣ አጣሩ የተባለው፣ ባለማወቅ ሰዎችን ጎድተን በኋላ እንዳንጸጸት ነው፤ ምክንያቱ እዚያው አንቀጹ ውስጥ አለ። በሱረቱል ማኢዳም ለአንድ ሕዝብ ያለን ጥላቻ ከፍትሕ እንዳያወጣን ታዘናል። ስለ ሞጣ መጮኽ ግዴታችን ነበር፤ ስለ ስልጤው ቃጠሎም እንዲሁ። ሁለተኛውን ጩኸት ስንቶቻችን አሰማን?

እኛ ወሎዬዎች በዚህ ነገር አዲስ አይደለንም። በ1870 ዐፄ ዮሐንስ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ አድርገው የወሎ ሙስሊም እንዲጠመቅ ሲያዝዙ፣ ለባለሥልጣናቱ የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር፣ ለሕዝቡ ደግሞ ሦስት ዓመት ነበር። ኢማም መሐመድ ዓሊ ሚካኤል ተባሉ፤ ኢማም አመዴ ሊበን፣ አባ ዋጠው፣ ኃይለ ማርያም ተባሉ። ሼህ ጠልሃ ኢብኑ ጀዕፈር ተዋጉ። ሌሎች ተሰደዱ። ሌሎች ደግሞ በአደባባይ ተጠምቀው በቤታቸው ሰገዱ፤ ከቤተ ክርስቲያን ወጥተው በቀጥታ ወደ መስጊድ ጥምቀቱን ሊያስታጥቡ የሚሄዱ እንደ ነበሩ የካቶሊኩ ሚሲዮናዊ ማሳያ መዝግበዋል። ፕሮፌሰር ሁሴን አህመድ ስለ ዐሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የወሎ እስልምና ባሳተሙት ጥናት ይህን ዘመን በሰፊው ተንትነውታል። ለዛሬው ነገራችን የሚጠቅመን፣ ለእያንዳንዱ መንገድ ከቁርኣን የሚጠቀስ መኖሩ ነው፤ ለተገደደ ሰው በሱረቱ ነሕል የተሰጠው ምሕረት አለ፤ መሰደድ እየቻለ ለቀረው ደግሞ በሱረቱ ኒሳእ የተነገረው ማስጠንቀቂያ አለ። በደሉ የቂን ነበር፤ መንገዱ ግን የኢጅቲሃድ ጉዳይ ሆነ። የእኔ ቅድመ አያት ስም የክርስቲያን ነው፤ የወንድማቸው የሙስሊም ነው። ማን ልክ እንደ ነበረ በቤታችን ተወስኖ አያውቅም፤ በዒድና በፋሲካ አብረን እንበላለን። ስለዚህ በዛሬ ትግል እንደኔ ያልወጣውን ሁሉ ሙናፊቅ ለማለት አፌ አይታዘዘኝም።

አሁን ወደ ጀመርኩት ልመለስ። በ2005 ሌላ ከተማ በሚገኝ ተቋም አስተምር ነበር። የአጅባር ልጅ የሆነ አንድ ተማሪዬ ከአንድ ጁሙዓ በኋላ ታሰረ። አባቱ፣ በዕድሜ የገፉ ገበሬ፣ ሁለት ቀን ተጉዘው ቤቴ መጡ። የፈለጉት ስለ ልጁ ጠባይ የሚገልጽ አንዲት ደብዳቤ ነበር። እኔም ጉዳዩን በትክክል እንደማላውቅ፣ የማያውቁትን መከተል በቁርኣን እንደ ተከለከለ አስረዳኋቸው። ያን ዕለት ልጁ የት እንደ ዋለ፣ ከማን ጋር እንደ ነበር አላውቅም አልኳቸው። ሽማግሌው ዝም ብለው አዳመጡኝና፣ «መምህር፣ ያላዩትን ይጻፉልኝ አላልኩም። ያዩትን ይጻፉልኝ» አሉ።

ያየሁት ነበረ። ሦስት ሴሚስተር አስተምሬዋለሁ። በክፍል ውስጥ አንድ ሙስሊም ተማሪ የክርስቲያን ጓደኞቹን ሲዘልፍ ተነሥቶ ያስቆመው እሱ ነበር። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ለእኔ የቂን ነበር። በእርግጠኝነት የታወቀ ነገር በጥርጣሬ አይሻርም የሚለውን የፊቅህ መርሕ ለተማሪዎች በየዓመቱ አስተምራለሁ፤ ግን በማላውቀው የአንድ ቀን ጥርጣሬ የሦስት ሴሚስተር ዕውቀቴን ሻርኩት። ምስክርነቱን የሚደብቅ ሰው ልቡ ኃጢአተኛ እንደሆነ የሚናገረው የሱረቱል በቀራ አንቀጽም አልጠፋኝም። እውነቱን ለመናገር ፈርቼ ነበር፤ ፍርሃቴን ጥንቃቄ አልኩት፤ ቃሉ ስለሚያምር ራሴም አመንኩት።

አራት መስመር ጽፌ በመሳቢያዬ አስቀመጥኩት። ይዤው ስሄድ ሦስት ሳምንት አልፎ ነበር፤ ጉዳዩ ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሯል ተብዬ ሳይቀበሉኝ ቀሩ። በጊዜው ብወስደው ኖሮ ይፈታ ነበር አልልም፤ ይህን ማንም ሊያውቅ አይችልም። ልጁ ያለ ክስ ዘጠኝ ወር ታስሮ ወጣ። ወደ ትምህርቱ አልተመለሰም። ዛሬ አጅባር ውስጥ ሱቅ አለው።

አባቱ ከጥቂት ዓመታት በፊት ሲሞቱ ለቅሶ ለመድረስ ሄድኩ። ልጁ ራሱ ቡና ቀዳልኝና፣ «መምህር፣ ያኔ ደብዳቤ እንደ ጻፉልኝ አባዬ ነግረውኛል። አላህ ይስጥልኝ» አለኝ። ሽማግሌው ስለ እኔ መልካም ገምተው፣ እንደ ተጻፈ አድርገው ነግረውት ኖሯል። እኔም አላረምኩትም። ቡናዬን ጠጥቼ ተነሣሁ።

ይህ ንግግር ተገልብጦ በፋኩልቲው ድረ ገጽ እንደሚወጣ ነግረውኛል። የአጅባር ልጆች ስለምታነቡት እሱም ዘንድ ይደርሳል ብዬ እገምታለሁ፤ እርግጠኛ አይደለሁም። ቅዳሜ ግን ወደ አጅባር እሄዳለሁ፤ ደብዳቤው አሁንም ከእኔ ጋር ነው።

ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ።